ልዑሉ ከነገሠ በኋላ ሳቁ ለምን ቀነሰ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጋብቻ ስንጨዋወት መቈየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ስለ ሁለት የሲኒማ ጨዋታዎች ለመጻፍ የተነሣሁት ከልማዳችን ለመውጣት አይደለም። ጨዋታዎቹ ራሳቸው የጋብቻና የአልጋ ወራሽ ነገር ናቸውና፤ ደግሞም በቤቴ ሦስት ትውልድ ባንድነት ተቀምጦ ካያቸው በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ያላቋረጠ ክርክር ስላስነሡ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የተባለ አስቂኝ ፊልም ወጣ፤ ትርጓሜው «ወደ አሜሪካ መምጣት» ማለት ነው። ዋናው ተጫዋች ኤዲ መርፊ፣ ጓደኛው ሆኖ የተጫወተው አርሴንዮ ሆል፣ አዘጋጁም ጆን ላንዲስ ነበረ። ፊልሙ በአሜሪካ ብቻ ከ128 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በዓለም ሁሉ ሲደመር ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባለት። ከ33 ዓመት በኋላ በ2021 ዓ.ም. ሁለተኛው ክፍል ወጣ። ስሙ ያው ነው፤ ብቻ በእንግሊዝኛ «ቱ» የሚለው ቃል ከሁለት ቍጥር ጋራ ድምፁ አንድ ስለ ሆነ በቃሉ ምትክ 2 ቍጥር ገባበት። በጆሮ ቢሰሙት ልዩነት የለውም። ያየው ሰው ግን ልዩነቱን ለማወቅ ብዙ አልቈየም፤ የፊተኛውን የወደዱት ሰዎች ከሁለተኛው ሲነሡ፣ ሠርግ ተጠርተው ተዝካር የበሉ ያህል ፊታቸው ተለውጦ ነበረ።

የፊተኛውን ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ዛሙንዳ የምትባል በካርታ ላይ የማትገኝ ባለጸጋ የአፍሪካ መንግሥት አለች። ንጉሥዋ ጃፊ ጆፈር፣ ንግሥቲቱም አኦሊዮን ይባላሉ። ልጃቸው ልዑል አኪም 21 ዓመት ሲሞላው፣ ከተወለደች ጀምሮ ለርሱ ሚስትነት ብቻ የተማረች ኢማኒ የምትባል ወይዘሪት ትቀርብለታለች። ልዑሉ ለብቻዋ ወስዶ ምን እንደምትወድ ቢጠይቃት «እርስዎ የሚወዱትን» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። እንደ ውሻ ጩኺ ቢላት ጮኸች፤ ባንድ እግርሽ ዝለዪ ቢላት ዘለለች። ልዑሉም ሐሳብ ያላት ሴት ራሱ ፈልጎ ለማግባት ቈርጦ፣ የ40 ቀን ፈቃድ ከአባቱ ተቀብሎ፣ ሴሚ ከሚባለው ባልንጀራው ጋራ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ከከተማው ክፍል ኵዊንስ የሚባለውን የመረጠውም፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ «ንግሥታት» ማለት ስለ ሆነ ንግሥት የሚገኝባት አገር እርሷ ትሆናለች ብሎ ነው። እዚያም ማዕረጉን ሰውሮ፣ የተጐሳቈለ ቤት ተከራይቶ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ወለል ለመጥረግ ተቀጠረ። የምግብ ቤቱን ጌታ ልጅ፣ ሊሳን፣ ወደደ።

እዚህ ላይ ልዑሉን በአንቱታ አለመጻፌን አንባቢ እንዳይቀየመኝ እለምናለሁ። እርሱ ራሱ ማዕረጉን ደብቆ መወልወያ ይዞ ቆሟልና፣ እኔ «እሳቸው» ብዬ ብጽፍ ምሥጢሩን ባደባባይ ማውጣቴ ይሆናል።

ይህ ቀልድ ቢመስልም የፊተኛው ፊልም ሳቅ ምንጩ በሙሉ ከዚህ ላይ ነው። ልዑሉ በተከራየው ቤት በመጀመሪያው ማለዳ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ለጐረቤቱ ሁሉ የምሥራች እንደሚያበሥር ሰው ሰላምታ ይሰጣል። ጐረቤቱም በስድብ ይመልስለታል። እርሱ ግን ሰው እንደ ሰው ስለ ተናገረው ደስታው ወሰን የለውም። በቤተ መንግሥት ሲነቃ ሙዚቀኞች ያነቁት፣ ሲራመድ ከፊቱ የጽጌ ረዳ አበባ ይጐዘጐዝለት ነበረ፤ በኵዊንስ ደግሞ ሻንጣውን ገና በደረሰበት ቀን ሰረቁት፤ በኋላም ያ ሁሉ የዛሙንዳ ልብስ በመንገደኛው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲያልፍ ያያል። አኪም አልተቈጣም። ለርሱ መሰረቅ እንኳ አዲስ ነገር ነበረ። ሴሚ ግን የድኽነቱ ጨዋታ ከቶ አልጣመውም፤ በስውር ቤቱን በውድ ዕቃ ይሞላዋል፤ በመጨረሻም ገንዘብ እንዲላክላቸው ወደ ንጉሡ ቴሌግራም አድርጎ ምሥጢሩን ያወጣዋል። አንዱ ድኽነትን እንደ ዕረፍት፣ ሌላው እንደ ግዞት ሲቈጥረው፣ ሁለቱም ባንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ፣ ሳቁን ማንም ሳይቈሰቍሰው ይመጣል።

በቤቴ ያሉት አክስቴ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኑአቸው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። ልጄ ከጐናቸው ተቀምጣ ትተረጕምላቸው ነበረ። በፊተኛው ፊልም ልጄ ገና አፏን ስትከፍት አክስቴ ስቀው ይጨርሳሉ። ሌባ ጠመንጃ ይዞ ወደ ምግብ ቤቱ ገብቶ፣ ልዑሉ በመወልወያው እንጨት መትቶ ሲጥለው፣ «ይህ ልጅ ከጌታ ቤት የወጣ ለመሆኑ ዱላ አያያዙ ይመሰክራል» አሉ። በሁለተኛው ፊልም ግን ልጄ ትተረጕማለች፣ አክስቴ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ልጄ ደግሞ ለምን እንደሚያስቅ ታስረዳለች። የሚያስረዱት ቀልድ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ በሰው ማኅበር ደጋግሞ የተናገረ ሁሉ ይህን አይቶታል፤ ሰዎቹ በሁለተኛው ጊዜ የሚስቁት ላለማሳፈር ነው።

ስለ ፊተኛው አንድ ነገር ልጨምር። ጨዋታው ዋዛ ብቻ አልነበረም፤ ልዑሉ የሚያጣው ነገር ነበረው። ንጉሥ ጃፊ ጆፈር ልጃቸውን ፍለጋ ኵዊንስ ድረስ መጥተው ማንነቱ ሲገለጽ፣ ለሊሳ የነገሩአት ልጃቸው ለጨዋታ እንደ መጣና ሙሽራ ባገሩ እንደምትጠብቀው ነው። ሊሳ ልዑል መሆኑን ሰምታ ደስ አላላትም። የተዋሸች መሆንዋን ነው ያየችው። በምድር ውስጥ ባቡር፣ ተሳፋሪ ሁሉ እያየ፣ አኪም ዘውዱን እተዋለሁ እስከ ማለት ደርሶ ለመናት። እምቢ አለች። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በመካከሉ ንግሥት አኦሊዮን ባላቸውን ስለ ልጃቸው ይሞግቱአቸዋል፤ ንጉሡ የቈየውን ሥርዓት እኔ ማን ነኝና እለውጠዋለሁ ቢሉ፣ ንግሥቲቱ ንጉሡ እርስዎ መስለውኝ ነበር ይሉአቸዋል። በሠርጉ ቀን ዐይነ ርግቡ ሲነሣ ከሥሩ ሊሳ ሆና ስትገኝ፣ ተመልካቹ ከልዑሉ ጋራ አጥቶ ከልዑሉ ጋራ ያገኛል። አስቂኝ ፊልም እንዲህ ያለ ነገር ከውስጡ ካለ ሳቁ ይከብዳል፤ የከበደ ሳቅም ከ30 ዓመት በኋላ አይረሳም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ከዚህ ወዲያ አኪም ንጉሥ ናቸውና በአንቱታ እጽፋለሁ። ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ የጨዋታው ችግር ከዚሁ ከአንቱታው ይጀምራል።

ንጉሥ ጃፊ ጆፈር ሊሞቱ ተቃርበዋል። አኪምና ሊሳ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉአቸው፤ የአገሩ ሕግ ግን ዘውድ ለወንድ ልጅ ካልሆነ አይሰጥም። ጐረቤት የሆነው የኔክስዶሪያ ገዥ ጄኔራል ኢዚ፣ የቀድሞዪቱ ሙሽራ የኢማኒ ወንድም፣ ጦር እየነቀነቀ በጋብቻ እንዛመድ ይላል። በዚህ ጭንቅ ላይ ለአኪም አንድ ምሥጢር ይነገራቸዋል፤ ያን ጊዜ በኵዊንስ ሳሉ ሳያውቁት የወለዱት ወንድ ልጅ አለ። ሄደው ላቬል የሚባለውን ጐልማሳ ከነእናቱና ከነአጐቱ ወደ ዛሙንዳ ያመጡታል። ከዚያ በኋላ የልዑልነት ፈተና፣ ከአንበሳ ላይ ጢም መቍረጥ፣ ድግስ፣ ጭፈራ፣ ደግሞም ላቬል ጠጉሩን ከምታስተካክለው ልጅ ጋራ ያለው ፍቅር ይከተላል። በመጨረሻም ሕጉ ይለወጥና ታላቂቱ ልጅ ሚካ አልጋ ወራሽ ትሆናለች።

ታሪኩ ሲነገር መጥፎ አይደለም፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ተመልከቱ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ራሱን የሚሰውር ማነው? ማንም የለም። ንጉሥ አኪም ኵዊንስ ሲደርሱ በንጉሥነታቸው ደረሱ፤ በዚያም የቈዩት ለጥቂት ጊዜ ነው። ላቬል የንጉሥ ልጅ መሆኑ እንደ ተገኘ ወዲያው ተነገረው። ከድኽነት ወደ ቤተ መንግሥት መግባቱ እንደ ፊተኛው በተገላቢጦሽ ሊያስቅ ይችል ነበረ፤ አዘጋጆቹም ይህንኑ አስበው ይሆናል። ዳሩ ግን ጌታ ሰው በድኻ ቤት ሲቸገር ችግሩን ራሱ መርጦታልና ያስቃል፤ ድኻ ወደ ጌታ ቤት ገብቶ ሲበላና ሲለብስ ግን ደግ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል እንጂ አይስቅም። በአንበሳ ፈተና እንኳ ልጁ እንደሚያልፍ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ስሙም ሐሰት ሆኖ ቀረ፤ «ወደ አሜሪካ መምጣት» የተባለው ፊልም ጊዜውን በአብዛኛው የሚያሳልፈው ከአሜሪካ ወጥቶ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በቤቴ ክርክር ያስነሣው ግን የልጁ አወላለድ ነው። በፊተኛው ፊልም አኪምና ሴሚ ኵዊንስ እንደ ደረሱ በየመጠጥ ቤቱ እየዞሩ ለሚስትነት የምትሆን ሴት ሲፈልጉ፣ አንዲቱ ካንዲቱ የባሰች ሆና የሚያስቅ ክፍል አለ። ሁለተኛው ፊልም ከዚያ ላይ አንዲት ሌሊት ይጨምራል። ተጫዋቾቹን በመኪና ጥበብ ወጣት አስመስሎ፣ ሜሪ የምትባል ሴት ልዑሉን በሚጤስ ዕፅ አደንዝዛ፣ እርሱ ሳያውቅ፣ እንደ ፀነሰች ያሳየናል። ይህም የተደረገው እንድንስቅበት ነው።

እኔ ከልቤ የምለው፣ የፊልሙ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። አንደኛ፣ ነገሩ በሴት ልጅ ላይ ተደርጎ ቢሆን ማን ይስቅ ነበረ? በወንድ ላይ ሲሆን ቀልድ የሚሆንበትን ምክንያት ልጄ ጠየቀችኝ፤ መልስ አላገኘሁላትም። ሁለተኛም፣ የቈየው ታሪክ የቆመበትን መሠረት ነቀለው። ያ ልዑል የተወደደው ያልወደዳትን ሴት አልነካም ብሎ፣ ክብሩን ሁሉ ትቶ፣ አንዲቱን ፍለጋ በመውጣቱ ነበረ። አሁን ግን ያ ጐዳና በመካከሉ ጉድጓድ እንዳለበት ተነገረን። አዲስ ቤት ለመሥራት ሲባል ከአሮጌው ግድግዳ ድንጋይ አይወሰድም፤ ሁለቱም ይወድቃሉ።

የንግሥት ሊሳስ ነገር? የ30 ዓመት ባልዋ ከሌላ ሴት ልጅ አለኝ ብሎ እናቲቱን ጭምር ከቤትዋ ሲያስገባ፣ ጥቂት ተቈጣች፤ ከዚያም ከሜሪ ጋራ ተቀምጣ ጠጣች፤ ቍጣው በዚያው በረደ። በባቡር ውስጥ ዘውድ ሲቀርብላት እምቢ ያለችው ሴት ይህች ናትን? ሊሳን የተጫወተችው ሻሪ ሄድሊ ናት፤ ችሎታ እንዳላትም በፊተኛው አይተናል። የሚናገሩት ሳይሰጡአት ግን ችሎታ ምን ያደርጋል? ጸሐፊዎቹ ለላቬል ዘመዶች ጫጫታ ብዙ ገጽ ሰጥተው፣ ፊተኛው ፊልም በሙሉ የተፈለገችውን ሴት እንደ መጋረጃ ከግድግዳው አጠገብ አቆሙአት። በዚህ ላይ ንግሥት አኦሊዮንን የተጫወተችው ማጅ ሲንክሌር በ1995 ዓ.ም. ስለ ሞተች፣ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ንጉሥን ደፍራ የምትናገር ያች ሁለተኛዪቱም ሴት የለችም። በፊተኛው ፊልም ሁለት ሴቶች ነበሩ ነገሩን በቃላቸው የሚያዞሩት። በሁለተኛው ሴቶቹ በቍጥር በዝተው በቃል አነሱ።

አሁን ስለ ኢማኒ ልናገር። እንደ ውሻ እየጮኸች ባንድ እግርዋ የዘለለችው ሙሽራ በሁለተኛው ፊልም ትታያለች፤ ከ30 ዓመት በኋላም ትዕዛዙን የሻረላት ስለሌለ ያንኑ ታደርጋለች። ያችው ተጫዋች፣ ቫኔሳ ቤል ካሎዌይ፣ ናት የተጫወተችው። አዘጋጆቹ ተመልካቹ ጥንቱን አስታውሶ በሳቅ እንዲወድቅ አስበው ኖሮአል። በቤቴም ወንዶቹ ትንሽ ሳቅን። አክስቴ ግን ዝም ብለው ቈይተው፣ «ይህችን ልጅ በቃሽ የሚላት ጠፋ?» አሉ። ከዚህ በኋላ ማንም አልሳቀም።

እኔ ነገሩን ቈይቼ ሳስበው፣ ሴቲቱ በፊተኛው ፊልም ስትዘልል መሳቂያው እርሷ አልነበረችም። መሳቂያው ሰውን እንዲህ አድርጎ የሚያሳድገው ሥርዓት ነበረ፤ ልዑሉም የሸሸው ያን አይቶ ነው። በሁለተኛው ግን ሥርዓቱ ተረስቶ ዝላዩ ብቻ ቀረ። ያው ሰው፣ ያው እንቅስቃሴ፣ ያው ጩኸት፤ ምክንያቱ ግን የለም። ሁለተኛው ፊልም በየቦታው ያደረገው እንዲህ ነው። የጠጉር አስተካካዮቹ ቤት እንደ ነበረ አለ፤ ሽማግሌዎቹም ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ክፉው ዘፋኝ ራንዲ ዋትሰን እንደ ገና ይዘፍናል፤ የታወቀውን የማክዶናልድን ቤት አስመስሎ የተሠራው የማክዳወል ምግብ ቤትም አሁን በዛሙንዳ ተከፍቶአል። እያንዳንዱ ሲመጣ ተመልካች «እነሆ እርሱ!» ይላል። ይህ ግን የቈየ ወዳጅን መንገድ ላይ አግኝቶ ባርኔጣ ማንሣት ነው። ሰላምታ ነው እንጂ ሳቅ አይደለም። ሰላምታም ከተለዋወጡ በኋላ ወዳጅ የሚነግረን አዲስ ወሬ ከሌለው፣ መለያየት ይከተላል።

በውጭ አገር ያሉ ገምጋሚዎችም በፊልሙ ላይ ተከፋፍለዋል፤ ብዙዎቹ የወቀሱት ይህንኑ ትዝታ ብቻ መሆኑን ነው። ላመስግነው የሚገባኝም አለ። ልብሱን ያዘጋጀችው ሩት ካርተር ናት፤ በ2019 ዓ.ም. «ብላክ ፓንተር» ስለሚባለው ፊልም ልብስ የኦስካርን ሽልማት የተቀበለች ባለሙያ ስለ ሆነች፣ የዛሙንዳ ጌጥ ዐይን ያጠግባል። ኤዲ መርፊንና አርሴንዮ ሆልን በየመልኩ የለዋወጠው የፊት አሠራር ለኦስካር ታጭቶአል፤ የፊተኛውም በጊዜው ሪክ ቤከር በሠራው የፊት አሠራር ታጭቶ ነበረ። ጄኔራል ኢዚ የሆነው ዌስሊ ስናይፕስ፣ በገባ ቍጥር ወታደሮቹን እያስጨፈረ ሲገባ፣ ፊልሙ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። ንጉሥ ጃፊ ጆፈርን የተጫወተው ጄምስ ኧርል ጆንስ በ2024 ዓ.ም. ሞቶአልና፣ ንጉሡ ገና በሕይወት ሳሉ የቀብራቸውን በዓል አስደርገው፣ ምስጋናቸውን በጆሮአቸው ሰምተው የሚሞቱበት ክፍል ዛሬ ሲታይ ከታሰበለት ይልቅ ይከብዳል። በሁለተኛው ፊልም እኔ ከልቤ የሳቅሁበት ይኸው ቀብር ነው።

ፊልሙ የታየበትም ሁኔታ አልረዳውም። ያሠራው የፓራማውንት ኩባንያ በሲኒማ ቤቶች ሊያሳየው አስቦ ነበረ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ስለ ተዘጉ ለአማዞን ኩባንያ ሸጠው፤ አማዞንም በኢንተርኔት መስመር ወደየሰው ቤት ላከው። የተመለከተው ሰው ብዙ ነበረ። ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ተቀምጦ ነው የተመለከተው። ሳቅ ደግሞ እንደ እሳት ከአንዱ ወደ አንዱ የሚቀጣጠል ነው፤ በመቶ ሰው መካከል የሚያፈነዳ ቀልድ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው ፈገግታ ብቻ ይሆናል። የፊተኛው በተመላ አዳራሽ ተወልዶ ነው ያደገው። ይህን ለፍርድ ስናቀርብ ለሁለተኛው ልናስብለት ይገባናል።

ደግሞም የፊተኛው ፊልም ለአዋቂዎች ብቻ የተሠራ ነበረ፤ ለልጆች የማይገቡ ንግግሮችና ትርእይቶች አሉበትና ወላጅ ይጠንቀቅ። ሁለተኛው ከ13 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ጭምር እንዲታይ ሆኖ ለዘበ። ጨዋነቱን አልጠላሁትም፤ በዚህ ገጽ የምጽፍ ሰው ሊጠላውም አይገባውም። ብቻ ስድቡን አውጥተው በፋንታው ብልኀት አላስገቡበትም።

ለመሆኑ ከ33 ዓመት በኋላ ይህን ፊልም ማን ፈለገው? ያልኋችሁን 280 ሚሊዮን ዶላር አስታውሱ። በዚህ ገንዘብ ላይ አንድ የሚያስቅ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የሒሳብ መዝገብ የሚመረምሩ አንባቢዎቻችን ይወዱታል። አርት ቡክዋልድ የሚባል ታዋቂ የጋዜጣ ጸሐፊ የፊልሙ ሐሳብ የእኔ ነው ብሎ የፓራማውንትን ኩባንያ ከሰሰ፤ በ1990 ዓ.ም. ዳኛው ፈረደለት። ከትርፉ ድርሻውን ሲጠይቅ ግን ኩባንያው መዝገቡን ገልጦ፣ ፊልሙ በውላችን መሠረት የተጣራ ትርፍ የለውም አለ። በመጨረሻ በ1992 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ለርሱ 150,000 ዶላር፣ ለባልንጀራው ለአላን በርንሃይም 750,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። እንግዲህ ያን ሁሉ ሚሊዮን ሰብስቦ ትርፍ የሌለው ፊልም፣ ሁለተኛ እንዲወለድለት የተፈለገው ለምን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። በዚሁ በሁለተኛው ፊልም ውስጥ አንድ ደኅና ፊልም ተቀብሮ አለ። በወጣትነታቸው የአባታቸውን ሥርዓት እምቢ ብለው የወጡት ሰው፣ ንጉሥ ከሆኑ በኋላ ያንኑ ሥርዓት በገዛ ልጃቸው ላይ ያጸናሉ። ታላቂቱ ልጅ ሚካ ለመንግሥት ከሕፃንነትዋ ጀምራ የተዘጋጀች፣ ዕውቀትም ድፍረትም ያላት ናት። አባትዋ ግን ከውጭ አገር ያልታወቀ ወንድ ልጅ አምጥተው ከፊትዋ ያስቀምጡባታል። በዚህ ነገር ውስጥ ለመሳቅም ለማዘንም ስንት ነገር ነበረ! አኪም አባታቸውን መስለው ሲናገሩ ራሳቸውን ሰምተው ቢደነግጡ፤ ሚካም እንደ አባትዋ ማዕረግዋን ሰውራ፣ መወልወያ ይዛ፣ ወደ ኵዊንስ ብትሄድ፤ ንጉሡም ቴሌግራም ደርሶአቸው እንደ አባታቸው እየተቈጡ ቢከተሉአት! አዘጋጆቹ ይህን ጨርሶ አላዩትም አልልም፤ በመጨረሻ ሕጉን አስለውጠው ዘውዱን ለልጅቱ ሰጡአት። ግን የሰጡአት እንግዶቹ ተነሥተው፣ ገበታው ከፍ ካለ በኋላ ነው። ልጄ 14 ዓመትዋ ነው፤ ይህን ባየች ጊዜ የተናገረችው «ታዲያ እስካሁን ምን እያየን ነበር?» ብላ ነው።

በዚያ ምሽት ሁለተኛው ካለቀ በኋላ ጊዜው መሽቶ ነበረ፤ እኔም ሁሉም ወደ መኝታው ይሄዳል ብዬ ነበረ። አክስቴ ግን «ያንን ወለል የሚጠርገውን እንደ ገና አምጡልኝ» አሉ። ልጄ ከመጀመሪያው ልታሳያቸው ብትል፣ መጀመሪያውንስ አውቀዋለሁ፣ ከባቡሩ ላይ ጀምሪልኝ አሉአት። ሊሳ ከተሳፋሪው መካከል ቆማ እምቢ ስትል ልጄ ልትተረጕም አፏን ከፈተች፤ አክስቴም እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙአት። ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሠርጉ ዐይነ ርግብ እስኪነሣ ድረስ ከወንበራቸው አልተነቃነቁም።